ሽንኩርት መክተፍም ትምህርት ነው፣ አለቀ!

ተቃጥዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

የፋይናንሱን ሰውዬ ታውቁት የለ? ዛሬ ሞዴል 20፣ ያው የዕቃ መጠየቂያውን ቅጽ፣ ሞልቼ ሄድኩለት። የጠየቅኩት ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙናና አንድ የከሰል ምድጃ ነው። ቢሮው በሰው ጢም ብሏል። መነጽሩን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሽንኩርት! ቲቸር፣ ምግብ ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፀሐፊዋ እንኳን አልቀረችም።

«ለልዩ ፍላጎት ክፍል ነው፤ ልጆቹ ራሳቸውን መቻል ይማሩበታል» አልኩ።

«እሱን እናቶቻቸው ያሳዩዋቸው። አንቺ ፊደል አስቆጥሪ። ዲግሪ የያዝሽው ሽንኩርት ለማስከተፍ ነው?»

ስልኬን አወጣሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 የኑሮና የማኅበራዊ እድገት ክህሎት ይማሩ ይላል አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስልክሽ ላይ ማኅተም አይታየኝም።» ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ጠመኔ ግን አለ፣ ጠመኔ ውሰጂ» አለኝ። እኔም ወሰድኩ! አንድ ካርቶን ጠመኔ ታቅፌ በሀዋሳ ፀሐይ ወጣሁ። ምን ላድርገው፣ ወጥ ልሥራበት?

ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲደርስ ግን በጀት ይገኛል። ባነር፣ ቲሸርት፣ የታሸገ ውሃ። ልጆቼ ተደርድረው ይዘምራሉ፣ እንግዳው ዕንባውን ይጠርጋል፣ ፎቶ ይነሳል። ያ ባነር ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይወጣዋል!

ደግሞ ሥራው ቀላል የመሰለው ይምጣና ይሞክረው። ጫማ ማሰርን ውሰዱ። ከላይ እስከ ታች እኔ እሠራና የመጨረሻዋን መሳብ ብቻ ለልጁ እተውለታለሁ። ስቦ ሲያጠብቀው «ጨረስኩ!» ይላል። እሷን ሲለምድ ከእሷ በፊት ያለችውን እጨምርለታለሁ። እንዲህ እያልን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንመጣለን። ወራት ይፈጃል። ከዚያ ጠዋት ባጃጁ ጡሩንባ ሲነፋ እናትየው ጎንበስ ብላ ቋጠር አድርጋለት እርፍ! አልፈርድባትም፣ ሥራ ረፍዶባታል። ግን ያንገበግባል።

የሱቁስ ነገር? አቶቴ ሰፈር አንድ ሱቅ አንዱን ልጅ ብር አስይዤ ሳሙና እንዲገዛ ላክሁት። ከፍሎ መልስ መቀበል ነው ትምህርቱ። ባለሱቁ «ምስኪን! ውሰድ የኔ ጌታ፣ በነጻ ነው» ብሎ ከረሜላም መረቀለት። ልጁ ተማረ። የተማረው ግን ሱቅ ገብቶ አንስቶ መውጣትን ነው። ሌላ ቀን ሌላ ሱቅ ብስኩት አንስቶ ሲወጣ «ሌባ!» ተብሎ ተያዘ። አንዱ ለጸደቀበት ልጁ በጥፊ ከፈለ።

ባጃጅ ላይም ያው ነው። ሾፌሩ «የት ነው የሚወርደው?» ብሎ ስለ ልጁ እኔን ይጠይቀኛል። እሱን ጠይቀው ስለው «ይናገራል እንዴ?» ይናገራል! ፒያሳ ይልሃል፣ ሒሳብ ከጨመርክበትም ይጨቃጨቅሃል!

እኔንማ «አንቺ ገነት ነው የምትገቢው» ይሉኛል። እሺ፣ እገባለሁ። እስከዚያው ዘይቱ የሚገዛው ከደመወዜ ነው። የመምህር ደመወዝ! አታስቁኝ። ራስን መቻል አስተምራለሁ፣ ወሩ ሳይጋመስ ከእናቴ እበደራለሁ።

ሰልችቶኛል በእውነት። ነገም ሽንኩርቱን ከኪሴ እገዛለሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ።

አቶቴ ሱቅ ያላችሁ ግን ስሙኝ። ልጆቼ ሲመጡ ገንዘቡን ተቀበሏቸው። ከጎደለ «ይጎድላል» በሏቸው። መልሱን ለእኔ ሳይሆን በእጃቸው ስጧቸው። ከረሜላውን ለሚገዛችሁ ሽጡት። መጽደቅ ከፈለጋችሁ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም ቅርብ ነው።