የአንድ ሰርተፊኬት ማኅበር ይለምልም

ሰሞኑን ወደ አንድ የድረ ገጽ መተግበሪያ መግቢያ ፈቃድ ብጠይቅ፣ ክላየንት ሰርተፊኬቱ (የተጠቃሚውን ማንነት ለሰርቨሩ የሚያረጋግጠው ዲጂታል መታወቂያ) ከነግል ቁልፉ (ባለቤቱ ብቻ ሊይዘው ከሚገባው ምስጢር ጋር)፣ ሁለቱን አንድ ላይ በሚይዝ አንድ የፒ12 ፋይል ታሽጎ፣ የይለፍ ቃሉም ከሥሩ ተጽፎለት፣ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት የመልእክት ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ጠበቀኝ። የይለፍ ቃሉን ፍለጋ እንዳልንከራተት ላሰበልኝ ሰው ዕድሜ ይስጠው። እናንተም ይህን ልግስና ሳትቀምሱት አልቀራችሁም።

ነገር ማክበድ የሚወዱ ሰዎች ቁልፉ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ተፈጥሮ እዚያው መቅረት እንዳለበት፣ ሰርተፊኬቱን ፈርሞ ወደሚሰጠው አካል የሚሄደው የፊርማ ጥያቄው ብቻ እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰውም የራሱ ሰርተፊኬት መውጣት እንዳለበት ይተርካሉ። አንዱ ለሁሉ እየበቃ ምን አደከማቸው!

የጥበቡ ፍሬ የሚታየው ማን ገብቶ ምን እንደሠራ በሰርተፊኬቱ ስም በሚመዘግበው ሎግ ላይ ነው። ሰርተፊኬቱ በስሙ የወጣለት ባልደረባ ሥራ ከለቀቀ የቆየ ቢሆንም ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። ጠዋት የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥያቄውን ራሱ መርምሮ ራሱ ያጸድቃል፤ በዚያው ደቂቃ ከሌላ ከተማ ሆኖ ክፍያው ዘገየብኝ ሲል አቤት ይላል፤ አቤቱታውንም ተቀብሎ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ብሎ ለራሱ ይመልሳል። ምሳ አይወጣም። የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ ፈቃጁ እሱ፣ በሌለበት ተክቶት የሚሠራውም እሱ ነው። ሌሊቱን ደግሞ የመረጃ ቋቱን መጠባበቂያ ቅጂ ሲወስድ ያድራል። የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ እንዳይሸለም ያገደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሸላሚ ኮሚቴው ሰብሳቢም ራሱ ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ይቁም። ገንዘብ የጎደለ ወይም የሰው መረጃ የወጣ ዕለት ተጠርቶ የሚጠየቀው ስሙ ሎጉ ላይ የሰፈረው ሰው ነው። «እኔ አይደለሁም» ብሎ የሚያስረዳበትን መንገድ አስቀድመው የዘጉበት ደግሞ ፋይሉን ግሩፕ ላይ የለጠፉት ናቸው። ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በሰው ስም መቀለድ ነው፣ ያሳፍራል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሰርተፊኬቱ ይሰረዝ ቢባል ሁሉም አብሮ ስለሚዘጋበት አይሰረዝም። ኤንጂንኤክስ በሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ የስረዛ ዝርዝሩ (የተሰረዙ ሰርተፊኬቶች የሚጻፉበት ፋይል) ጊዜው ካለፈበት ሰርቨሩ ደኅናውንም ሰው ጭምር ከበር ይመልሳል፤ ጀግናው አስተዳዳሪ ታዲያ ዝርዝሩን ከማደስ ዝርዝሩን የሚያስፈትሸውን የቅንብር መስመር አጥፍቶ ይገላገላል። አሁንም የሚመለስ ሰው ካለ ማረጋገጫውን «ኦፕሽናል ኖ ሲኤ» ወደሚባለው ቅንብር ይለውጠዋል። ከዚያ ወዲያ ሰርቨሩ ሰርተፊኬት ይቀበላል እንጂ በታመነ አካል ካልተፈረመ ብሎ ማንንም አይመልስም፤ መመርመሩን ለመተግበሪያው ይተወዋል፤ መተግበሪያው ደግሞ ሰርቨሩ መርምሮታል ብሎ ስሙን ብቻ አንብቦ ያስገባል። እንግዲህ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያሻውን ስም ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ ዘው ማለት ይችላል። በደኅንነት ሪፖርቱ ላይ ግን «የተጠቃሚ ማረጋገጫ በሰርተፊኬት፦ ተሟልቷል» ተብሎ ተጽፎ ማኅተም አርፎበታል።