ትርታው አለ ማለት ቧንቧው ክፍት ነው ማለት አይደለም

የልብን ደም ሥሮች በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ለመመርመርም ሆነ በስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ) ለመክፈት፣ ከብሽሽት ይልቅ በእጅ አንጓ መግባት እየተመረጠ መጥቷል። ካናዳዊው ሐኪም ሉሲየን ካምፖ በ1989 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የተሠሩ ምርመራዎችን ካሳወቁ ወዲህ ብዙ ታካሚ ተጠቅሟል፤ መድማቱ ይቀንሳል፣ ከአልጋም ቶሎ ይነሳል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ቱቦው የወጣባት ቀጭን ደም ቅዳ አንዳንድ ጊዜ በረጋ ደም ትዘጋለች። በትንሿ ጣት በኩል ያለችው ሌላዋ ደም ቅዳ እጁን ስለምትመግብ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም።

ስላላመመው አልተጎዳም የሚለውን ግን አልቀበልም። ያው ሰው ነገ ሁለተኛ ካቴተር፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚወሰድ ቧንቧ ወይም ለኩላሊት እጥበት የሚዘጋጅ ደም ሥር ሊያስፈልገው ይችላል።

በሕክምናው ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን የመከላከሉ መሠረት ነው። በ2018 የታተመ የግሪክ ጥናት ለልብ ደም ሥር ምርመራ የገቡትን አነጻጽሮ፣ በኪሎ 50 ዩኒት ከተሰጣቸው 8.1 በመቶው፣ 100 ዩኒት ከተሰጣቸው ደግሞ 3 በመቶው ብቻ እንደተዘጋባቸው አሳይቷል። ስለዚህ «አጭር ምርመራ ነው» ብሎ መጠኑን መቀነስ ያስቆጨኛል። ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ሳምንት ሪቫሮክሳባን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ክኒን የመስጠት ሐሳብም ተሞክሯል። ለሁሉም ይሰጥ ሲባል ግን አልስማማም፤ ስቴንት የገባለት ሰው አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳል፣ ሦስተኛ ደም ማቅጠኛ ሲጨመርበት የመድማት አደጋው ከፍ ይላል።

ከክኒኑ በፊት አንጓው ላይ የታሰረውን ማሰሪያ እንይ። ደም እንዳይፈስ ተብሎ ጥርቅም ሲደረግ በውስጥ የቆመው ደም ይረጋል። ቁስሉ ሳይደማ በቧንቧው ውስጥ ደም እንዲያልፍ አድርጎ ማላላት ብቻውን፣ በ2008 በታተመ ጥናት፣ በ24 ሰዓት የታየውን መዘጋት ከ12 ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎታል።

ታካሚው ከመሄዱ በፊት አንጓውን በጣት ዳስሶ ማሰናበትም አይበቃም፤ ደሙ በመዳፍ ዞሮ ወደ ኋላ ስለሚመጣ የተዘጋ ቧንቧም ሊመታ ይችላል። የኦክስጅን መለኪያውን አውራ ጣቱ ላይ አድርጎ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ደም ቅዳ መጫን ነው። በመለኪያው ላይ የሚታየው የትርታ ማዕበል ጠፍቶ ካልተመለሰ ቧንቧው ተዘግቷል። በዚያች ሰዓት ከተደረሰበት፣ ያንኑ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ደም ቅዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ተጭኖ በማቆየት የተዘጋውን ብዙ ጊዜ መክፈት ይቻላል።