አትላንቲክ ለምን ተረሳ?

ስለ 2ኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይል ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን አየር ኃይል ማለት የከተማ ድብደባ ብቻ አስመስሎታል፤ ይሄ ያናድደኛል። አትላንቲክ ላይ የሆነውስ? እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ድረስ ውቅያኖሱ መሀል አውሮፕላን የማይደርስበት ሰፊ ቦታ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያ የሚሄዱትን የጭነት መርከቦች እንደልባቸው የሚያሰጥሙት እዚያ ነው። የዚያን ጊዜ ሰርጓጅ ባትሪውን ለመሙላት ወደ ላይ መውጣት ግድ ይለዋል። ራዳር የጫነ አውሮፕላን ከደረሰበት አለቀለት! ተጨማሪ ነዳጅ የሚይዙት ሊበሬተር የሚባሉት የአሜሪካ ሥሪት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ክፍተቱን ሲዘጉት ነገሩ ተገለበጠ። በሜይ 1943 ብቻ ጀርመን 40 ያህል ሰርጓጅ አጣች። የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ዶኒትዝም ከሰሜን አትላንቲክ ውጡ ብሎ አዘዘ። ረጅም በራሪ አውሮፕላኖች ቀድሞ ለጀርመን ከተሞች ድብደባ ከሚሰጡ ወደዚህ ቢላኩ ኖሮ፣ ስንት መርከበኛ በተረፈ!