«ጎመን በጤና» ዋርፋሪን ለሚውጥ ሰው

አክስቴ የልብ ቫልቭ ካስቀየረች በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ታዘዘላት። ይዛ የመጣችው ምክር ግን አንድ መስመር ነበር፤ «ጎመን እንዳይበሉ።» ለምን? እስከ መቼ? እሷ አልጠየቀች፣ የነገራትም የለም። «ጎመን በጤና» እያለ ላደገ ሰው ነገሩ ቀልድ ይመስላል።

ታዛዥ ናትና አንድ ዓመት ሙሉ አልቀመሰችም። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሽሮ፣ ምስር፣ እንደገና ሽሮ። በሦስተኛው ሳምንት ሰለቻትና ጎመን ጀመረች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ በየቀኑ ሆነ። በቀጣዩ ምርመራ አይኤንአሯ ከ2 በታች ወርዶ ተገኘ። አይኤንአር ማለት ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልኬት ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ልኬቱ ሲወርድበት ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። እግዜር ይመስገን፣ እዚያ ሳይደርስ ተያዘ።

ጉበታችን ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል። ዋርፋሪን ደግሞ ሰውነት የተጠቀመበትን ቫይታሚን ኬ መልሶ እንዳያድስ ያግደዋል። (መድኃኒቱ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው። ለአክስቴ ይህን አልነገርኳትም።) የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ በዚህ ቫይታሚን የታጨቁ ናቸው፤ ቢቀቀሉም አይጠፋም። ስለዚህ ኪኒኑና ጎመኑ ገመድ ይጓተታሉ። ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን የሚወስነው ጉተታውን እየለካ ነው፤ አይኤንአሩ ለብዙ ታካሚዎች ከ2 እስከ 3፣ ለአንዳንድ ቫልቮች ከ2.5 እስከ 3.5 ላይ እንዲቆም ይፈለጋል።

እንግዲህ መጠኑ የተለካው ጎመን በማይበላ ሆድ ላይ ከሆነ፣ ድንገት የገባ ጎመን ሁሉንም ያዛባዋል። በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን የሚበላ ሰው ግን ኪኒኑ በዚያው ልክ ይስተካከልለታል። «አትብሉ» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል፤ ለእኔ ግን የስንፍና ምክር ነው። የእኛ ማዕድ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። 55 ቀን ቅጠል በቅጠል እንሆንና በፋሲካ ማግስት ጎመን ከቤት ይጠፋል። ያኔ ደግሞ ልኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መድማት ይመጣል። «ይጾማሉ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ሁዳዴ እንደገባ አንድ ምርመራ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ምርመራ ቀጠሮ ማስያዝስ?

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ «እኛ ጋ ኮ ጎመን የማይነካቸው አዳዲስ ኪኒኖች አሉ» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፣ አሉ። ግን ለብረት ቫልቭ አይሆኑም። አንደኛው ኪኒን በእንዲህ ያለ ቫልቭ ላይ ተሞክሮ የደም መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ጥናቱ ተቋርጧል።

ከጎመን ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የፋርማሲው መስኮት ነው። ሆዱን የቆረጠው ሰው «ለአሜባ የሚሆን» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። ወገቡን ያመመው ዲክሎፌናክ ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው የዋርፋሪንን ጉልበት ይጨምራል፤ ሁለተኛው ጨጓራን አቁስሎ ያደማል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክም እንደ ሜትሮኒዳዞል ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ዋርፋሪንን ያዳክመዋል፣ ያውም ክፉኛ። ሻጩ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አይልም፤ ገዢውም ዋርፋሪን ከወገብ ሕመም ጋር ምን እንደሚያገናኘው ስለማያውቅ ዝም ይላል። የተነገረው ስለ ጎመን ብቻ ነዋ።

አክስቴ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ አሁን ረቡዕና ዓርብ አንድ አንድ ጭልፋ ጎመን ትበላለች። ጾም ይሁን ፍስክ ያው ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ሁላችንም ዶሮውን ከበን ሳለ፣ እሷ ጎመኗን በትንሽ ሳህን ይዛ መጥታ መሀላችን ተቀመጠች።