ለአቶ ስም፦ ከሜዳ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ስለመዛወርዎ

ለ፦ አቶ ስም
ባሉበት ሜዳ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የሥራ ቦታ ዝውውር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ አቶ ስም። መቼም እርስዎ ጤና አያጡም። ተጫዋች ይጎዳል፣ ይሸጣል፣ ጫማ ይሰቅላል። እርስዎ ግን የተጫዋች ዝና ነዎትና ባለቤትዎ ጡረታ ከወጣ በኋላም ወንበርዎን አይለቁም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ለአንድ ጉዳይ ነው። ዳኛው ከመድረሱ በፊት መድረስዎን ይተዉልን። ተከላካዩ በሸርተቴ ይገባል። እግር ከእግር ይጋጫል። አጥቂው ሦስት ጊዜ ተንከባልሎ አራተኛውን ለመጨመር ያስባል። ዳኛው ገና እየሮጠ ነው። እርስዎ ቀድመው ጆሮው ሥር ቆመዋል። «ማን እንደሆነ አየህ? እሱ እኮ ነው!» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የፈረደው ባየው ይሁን በነገሩት እግዜር ይወቅ።

ስም ማጥፋት ነው ብለው እንዳይከሱኝ ማስረጃ ይዣለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 38 ዳኞች 50 የጨዋታ ቅንጭቦችን በቪዲዮ እንዲዳኙ ተደረገ። ቪዲዮው ለሁሉም አንድ ነው። ለከፊሎቹ ብቻ «ይሄ ቡድን በኃይለኛ ጨዋታ የታወቀ ነው» ተባሉ። በቃ፣ ይችው ናት። በዚያ ቡድን ላይ የተፋው ፊሽካ ብዛት ያን ያህል አልተለያየም። ካርዱ ግን ተለያየ። ስለ ቡድኑ የተነገራቸው ዳኞች ቢጫውንም ቀዩንም በብዛት መዘዙ።

ይህችን ነገር ደጋግሜ አሰብኳት። ፊሽካው ላይ እጅዎ የለበትም ማለት ነው። ጥፋት ሲሆን ዳኛው ጥፋት ብሎ ያያል። እርስዎ የሚሠሩት ከዚያ በኋላ ባለችው ሰከንድ ነው፤ «ልምከረው ወይስ ልቅጣው» ብሎ ሲያመነታ። ያኔ እጅዎን ኪሱ ውስጥ ይከታሉ። መርካቶ ቢሆን ሕዝብ ይጮህብዎት ነበር።

ሕጉን ደግሞ ላንብብልዎ። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 12 ረጅም ነው፣ ፍሬው ግን አጭር ነው። ሳትጠነቀቅ ከገባህ ጥፋት ብቻ ነው፣ ካርድ የለም። ለሌላው ሰው አደጋ ደንታ ሳይኖርህ ከገባህ ቢጫ። ከልክ ያለፈ ኃይል ከተጠቀምክ ቀይ። ደጋግሞ ያጠፋም ቢጫ ያያል፣ የሚቆጠረው ግን በዚያው ጨዋታ ያጠፋው ነው። «የልጁን ያለፈ ታሪክ አጣሩ» የሚል መስመር የለም። ፈልጌ አጣሁት።

እርግጥ ከባዶ አልተነሡም። የሪያል ማድሪዱን ተከላካይ ፔፔን እንውሰድ። በ2009 ከጌታፌ ጋር ሲጫወቱ መሬት ላይ የወደቀውን ካስኬሮን በእርግጫ ጠረገው። 10 ጨዋታ ተቀጣ። ያንን ያየ ሰው ቢረሳው ነው የሚገርመኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ በርናባው ላይ እግሩን አንሥቶ ወደ ኳስ ገባ። የባርሴሎናው ዳኒ አልቬስ ተገለበጠ። ጀርመናዊው ዳኛ ቮልፍጋንግ ስታርክ ቀጥታ ቀይ አወጣ። የማድሪዱ አሰልጣኝ ሞሪንዮ በምፀት ሲያጨበጭብ እሱም ተባረረ። ሜሲ ሁለት አገባ። ነካው አልነካውም የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ዳኛው የካስኬሮን ነገር አስታውሶ ነው ብዬ አልከስም። ሰው በሐሳቡ አይከሰስም። እኔ የምጠይቀው እርስዎን ነው፦ ያን ምሽት የት ነበሩ?

ምክንያቱም በተፈለጉ ጊዜ ሲጠፉ አይተናል። የ2010 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ፣ ጆሃንስበርግ፣ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ኳሷ አየር ላይ ናት። የስፔኑ ዣቢ አሎንሶ በግንባሩ ሊያገኛት ቀና ብሏል። የኔዘርላንዱ ናይጄል ደ ዮንግ እግሩን እንደ ካራቴ ዘርግቶ መጣ፤ ታኬታው በቀጥታ አሎንሶ ደረት ላይ አረፈ። ሰውዬው ከእነ ትንፋሹ ወደቀ። ዳኛው ሃዋርድ ዌብ ቢጫ አሳየው። ቢጫ! በኋላ ዌብ ራሱ በደንብ እንዳላየውና ቀይ ይገባው እንደነበር ተናግሯል። በዚያ ጨዋታ 14 ቢጫ ወጥቷል፤ ለአፍ እላፊውም ለልብስ መጎተቱም ሲታደል እግር ደረት ላይ ያሳረፈውም እኩል ደረሰው።

ደ ዮንግ ደግሞ ስም አልባ ጎረምሳ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት በወዳጅነት ጨዋታ የአሜሪካዊውን የስቱዋርት ሆልደንን እግር ሰብሯል። ያኔ ጆሮ ሥር መቆም ያስፈልግ ነበር። እርስዎ ግን ከእርስዎ የሚበልጥ ባለ ስም መጥቶ ዝም አሰኘዎት፤ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ የሚባል። በዚያ ሰዓት ቀይ አውጥቶ ድግሱን ማበላሸት ለማን ይመቻል? ትንሽ ቆይቶ በጥቅምት ደ ዮንግ የኒውካስሉን ሐተም ቤን አርፋን እግር ሰበረ። ሁለቱም የባት አጥንቶች። ካርድ የለም። የቀጣው የራሱ አሰልጣኝ ነው፤ ቫን ማርቫይክ ከኔዘርላንድ ቡድን አስወጣው።

ዚዳንን ሳነሣ ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። ይቀየም። ዚዳን በዘመኑ 14 ቀይ ካርድ አይቷል። በ1998 የዓለም ዋንጫ የሳዑዲ ተጫዋች ረግጦ ወጥቷል። በ2006 ፍፃሜ በርሊን ላይ ጣሊያናዊውን ማቴራዚን በቴስታ ደረቱን መታው። ዋናው ዳኛ ኤሊዞንዶ አላዩትም፤ አራተኛው ዳኛ ናቸው የነገሯቸው። የዚያ ውድድር ኮከብ ተብሎ የወርቅ ኳሱን የወሰደውም ዚዳን ነው። ያን ሁሉ ቀይ ሌላ ሰው ቢሰበስብ ወመኔ ተብሎ ነበር የሚቀረው። የእርስዎ መዝገብ ቤት ግን የዚዙን ፋይል «አርቲስት» በሚለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። የማቴራዚ ፋይል ሌላ ክፍል ስለነበር ዓለም ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው «ምን ብሎት ነው?» ብሎ ነው። በእርግጥ ማቴራዚም አፉን አልሰበሰበም። ግን ደረቱን ተመትቶ መሬት ላይ የተዘረጋው እሱ ነው።

የማንቸስተር ዩናይትዶቹ ሮይ ኪንና ፖል ስኮልስስ? በ1999 ቱሪን ላይ ከጁቬንቱስ ጋር ሁለቱም ቢጫ አይተው ሁለቱም ባርሴሎና ከተማ ላይ የተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ አለፋቸው። የኪን ቢጫ ዚዳን ላይ በሠራው ፋውል ነው፣ እንዳጋጣሚ። ኪን ሲገባ «ጨካኝ» ነው። ስኮልስ ዘግይቶ ሲገባ «ምስኪን፣ ታክል እኮ አይችልም» ተብሎ ይሳቅለታል። የተመታው ቁርጭምጭሚት ግን ልዩነቱን አያውቅም። ራሞስንም ልተወው አልኩ፤ ለማድሪድ 26 ቀይ ካርድ ያየ ሰው በ2018 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ ኪየቭ ላይ የሊቨርፑሉን የሳላህን ክንድ ይዞ ሲወድቅ ካርድ አልወጣም። ያን ቀን ደግሞ ምናልባት ዕረፍት ላይ ነበሩ።

ጥፋቱ የዳኞች ብቻ አይደለም። የሚመግብዎት እኛ ነን። ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ይዩ። ታክል ሲገባ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ «ማነው? ማነው?» ይላል። ቀይ ይሁን ቢጫ አልወሰነም፤ መጀመሪያ ስሙን ይፈልጋል። ሪፕሌው ሲመጣ «ቁጥሩን እይ» ይላል እንጂ «እግሩን እይ» አይልም። ቁጥሩ የራሱ ቡድን ሆኖ ከተገኘ «ኳሷን ነው የነካው!» ብሎ ቢራውን ያነሣል። የጎረቤት ሆኖ ከተገኘ «ድሮም እሱ ነፍሰ ገዳይ ነው»። አጠገቡ የተቀመጠው ተቃራኒ ደጋፊ የዚህኑ ግልባጭ ይናገራል። በቪዲዮ የሚዳኘው ቫርም መጥቶ አልገላገለንም። ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠውም እንደኛው ስም የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ሥራ አጥ ይሁኑ አልልም። የሚመጥንዎ ወንበር አለ። በ2014 የዓለም ዋንጫ ናታል ላይ የኡራጓዩ ሉዊስ ሱዋሬዝ ጣሊያናዊውን ኪየሊኒን ትከሻው ላይ ነከሰው። ኪየሊኒ ማሊያውን ጎትቶ የጥርሱን ምልክት ለዳኛው አሳየ። ዳኛው ሜክሲኳዊው ማርኮ ሮድሪገስ ናቸው፤ አገራቸው ያወጣላቸው ቅጽል ስም ደግሞ ድራኩላ ነው። ይህን እኔ ብፈጥረው «አበዛኸው» ይሉኝ ነበር። ድራኩላም ንክሻውን ሳያዩት አለፉ። ፊፋ ግን ፋይሉን አወጣ። በ2010 ሆላንድ ውስጥ ባካልን ነክሶ 7 ጨዋታ፣ በ2013 ኢቫኖቪችን ነክሶ 10 ጨዋታ ተቀጥቷል። ሦስተኛው ላይ 9 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታና አራት ወር ከኳስ መራቅ መጣ።

አዩ? እዚያ ነው ቦታዎ። ጠረጴዛ አለ፣ ፋይል አለ፣ ቡና አለ፣ ቪዲዮውን አሥር ጊዜ የሚደግምልዎ ሰው አለ። ተከሳሹም መልስ መስጠት ይችላል። የዛሬ አምስት ዓመት ያደረገውን ሁሉ ያንብቡበት፣ ማንም አይቆጣዎትም። ሜዳው ላይ ግን አንድ ዳኛ፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ ሰከንድ ነው ያለው። ያችን ሰከንድ ይልቀቁለት።

ዝውውሩን በቅን ልቦና እንደሚቀበሉት ተስፋ አደርጋለሁ። ይግባኝ ማለት ከፈለጉ ያለ ሙሉ ስምዎ ያመልክቱ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተመልካች
(ስሜን ያልጻፍኩት ደብዳቤው በይዘቱ እንዲዳኝ ነው።)

ግልባጭ፦
ለኮሜንታተሮች በሙሉ፦ «ይህ ተጫዋች እንግዲህ እንደምናውቀው» ከማለታቸው በፊት እንዲያነቡት
ለቫር ክፍል፦ በዝግታ ተደግሞ እንዲታይ