ሙሽራዋ እስክትወርድ

ያኔ ጅማ፣ ሂርማታ ሠፈር፣ ቤታችን የገባው የስልክ መስመር አንድ ነው። የእናቴም ወሬ፣ የሰው መርዶም፣ የእኔም ኢንተርኔት የሚመጣው በዚያችው ቀጭን ሽቦ ነው። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጥኩ ለኛ ቤት የሚደውል ሁሉ «ተይዟል» ይባላል።

ኮምፒውተሩን ከስልኩ ሽቦ የሚያገናኘው ሞደም ላይ «56ኬ» ተጽፏል። የገዛው ወንድሜ «በሰከንድ 56 ኪሎ!» ብሎን ነበር። ኪሎ ምን? ብሎ የጠየቀ የለም። ለካ ኪሎቢት ኖሯል። 8 ቢት አንድ ባይት ነውና ለ8 ሲካፈል 7 ኪሎባይት ይቀራል። ጤፍ ቢሆን ነጋዴውን እንከስ ነበር። እሱም ወደ እኛ ለሚመጣው ነው፤ የምንልከው ከ33.6 ኪሎቢት አያልፍም።

አንድ ቅዳሜ አሜሪካ ያለችው አክስቴ የልጇን ሠርግ ፎቶ በኢሜይል ላከች። 5 ፎቶ፣ 10 ሜጋባይት ገደማ።

ኢንተርኔት ለመግባት በሞደሙ ደወልኩ። ጢጢጢ፣ ክርርር፣ ሽሽሽ። ይሄ ጩኸት ድርድር ነው። የኛ ሞደምና የወዲያኛው፣ መስመሩ ስንት እንደሚሸከም እንደ በሬ ገበያ ይከራከራሉ። ውጭ የጅማ ዝናብ ይወርዳል። የሽቦው ቅጥያ ውኃ ሲነካው ይንሿሿል፣ መስመሩ በተንሿሿ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። በሰከንድ በ31.2 ኪሎቢት ተስማሙ። በሰከንድ 4 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። አሰላሁት፤ 43 ደቂቃ።

«ቡና ይደርሳል» አለች እናቴ። ረከቦቱ ኮምፒውተሩ ሥር ተዘረጋ። ጎረቤት ተጠራ።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ነው የሚመጣው። አቦል ላይ የሙሽራዋ ግንባር ታየ።

«ግንባሯ ቁርጥ የአያቷ!» አሉ እትዬ አልማዝ።

«ቆዩ እስቲ፣ አፍንጫዋ እየመጣ ነው።»

ቶና ላይ ሙሽራው እስከ ክራቫቱ ወረደ። በረካ ላይ አምስተኛው ጀመረ፤ ቤተ ዘመድ በሙሉ የቆመበት። ጣሪያ፣ አምፖል፣ የረጃጅሞቹ ፀጉር። አጎቴን ፈለግነው። አጭር ስለሆነ ገና አልወረደም።

ድንገት ስክሪኑ ቀጥ አለ። መስመሩ ተቆርጧል። አባቴ መኝታ ቤት ያለውን ስልክ አንስቶ «ሃሎ? ሃሎ? ምንድነው የሚያፏጨው?» ይላል።

«ምነው አንተ፣ ማን ጋ ልትደውል ነው?» ጮኸች እናቴ።

«እህትሽን ነዋ! ፎቶው ደረሰን ልላት።»

እናቴ ምንም አልመለሰችም። አተላውን ደፍታ ሌላ ቡና መልቀም ጀመረች።