«የማን ነው?» ለምትለው ጥያቄ የቀረበ ውዳሴ

«የማን ነው?» የምትለውን ጥያቄ ያህል ውለታ የዋለልን የለምና፣ እስካሁን ሐውልት ሳይቆምላት መቅረቱ ያሳፍራል። ሥጋ ቤት በር ላይ ቆመው፣ ዋጋውን ሳይጠይቁ፣ ሽንጥ ይሁን ሻኛ ሳያዩ፣ አስቀድመው «የክርስቲያን ነው የሙስሊም?» የሚሉ ወገኖቼን ባየሁ ቁጥር በጥንቃቄያቸው እኮራለሁ።

በሬው ራሱ ከቦረና ተነሥቶ ቄራ እስኪደርስ ፍጹም ሃይማኖት የለሽ ነው፤ ፋጉሎውን ያቀረበለት ማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ቄራ ሲገባ ግን በአንዱ ክፍል «በስመ አብ»፣ በሌላው «ቢስሚላህ» ይጠብቀዋል፤ ከአንድ በረት የወጡ ሁለት በሬዎችም በአንድ ሌሊት የሁለት እምነት ተከታዮች ሆነው በየመንጠቋቸው ይሰቀላሉ። ዕድሜውን ሙሉ ያልጾመና ያልሰገደ ፍጡር ከሞተ በኋላ እንዲህ ምእመን መሆኑ የጥያቄዋ ተአምር ነው። በሐምሌ 2010 ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት፣ በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉም ከክብሪቱ ቀድማ የደረሰችው እሷው ነበረች።

ሃይማኖት የለሽ ወዳጆቼ ታዲያ «እምነታችሁን ብትተዉት በአንድ ማዕድ ትቀመጡ ነበር» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ የአብዮቱ ዘመን ሁለት ግራ ዘመም ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ምስክር ናቸው። ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ ወጥተው፣ ያንኑ ማርክስና ያንኑ ሌኒን አንብበው፣ ንስሐን በግለ ሂስ፣ መናፍቅን በአናርኪስትና በባንዳ ከተኩ በኋላ የቀራቸው ልዩነት ኢምንት ነበር፦ ኢሕአፓ በልሳኑ በ«ዴሞክራሲያ» ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል፣ መኢሶን በልሳኑ በ«የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጥ አለ። በዚህችው ኢምንት የተነሣ ጥያቄያችን ሥጋ ቤቱን ትታ «የማን ነህ?» እያለች ጎዳና ወጣች፤ መልሱን የሳተ ወጣት ሬሳው አስፋልት ላይ ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት አደረ። ባለ ሂሳዊ ድጋፉም ነሐሴ 1969 ላይ ከደርግ ተጣልቶ በተራው ታደነ። ቄራ እንኳ ለሁለቱም ወገን ክፍል አለው።

የጥያቄዋን ክብር የሚያዋርዱ ሰዎች ግን አልጠፉም፤ በተለይ ወሎ ላይ ነገሩ ብሷል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሬውን በእጃቸው ያሳርዳል፣ ወጡንም ለብቻ ያሠራል። እናትየው ጭልፋዋን ይዛ ዳሱ መካከል ትቆምና «የእናንተ በዚያ በኩል ነው፣ እንዳይቀላቀልባችሁ» ትላለች። «የማን ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱንም ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ዳስ ተቀምጦ እስክስታ መምታት ምን የሚሉት ሥርዓት ነው?